ብትቀሪ ደስ ይለኛል

«ትቀሪያለሽ?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያለ፣ ቁመቱ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ የበር ዘበኛ ነው። ከጥያቄው ሥር ሁለት መልስ ተጽፏል፤ «አዎ» እና «አይ»። ጣቴን ማውሱ ላይ አቆምኩ።

«ምነው ቆሙ?» አለኝ ጠጋኙ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራው። የት ላይ እንደምደናቀፍ ለማየት ከኋላዬ ቆሟል።

«አዎ ካልኩት ምን ማለቴ ነው?»

«እቀራለሁ ማለትዎ ነዋ።»

«የት? እሱ ጋ ልቆይ ነው ወይስ ጭራሽ ላልመጣ ነው? እኛ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንዷ ከሥራ ስትጠፋ ‹ዛሬ ቀረች› ነው የምንለው። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ብትቆይም ‹ቀረች› ነው። ይሄ ሰውዬ የትኛዋን ነው የፈለገኝ?»

ጠጋኙ ሳቀ። ሳቁ ፌዝ አልነበረበትም።

«ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ መሰለዎት! አንድም ቀን አልታየኝም።»

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ጥያቄውን አጥፍቶ ሌላ ጻፈ። «አብረሽኝ ትሆኛለሽ?»

«ይሄስ?» አለኝ።

«ይሄ ይገባል።»

«እና መልሱ?»

ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አልነበረም። እኔ ደግሞ ፊደሎቹን እንደ አዲስ መቁጠር ጀመርኩ። ውሃ ላምጣልዎ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። እሱ ሲሄድ ጥያቄውን ጮክ ብዬ ደግሜ አነበብኩት፤ ብቻዬን መሆኔን አረጋግጬም ለዚያ አውራ ጣት ለሚያክል ዘበኛ በሹክሹክታ «አዎ» አልኩት። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የሚዘል ነገር የቀረኝ አይመስለኝም ነበር።

*

ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምሠራው፤ ተኳሽ ነኝ። ሌሎቹ ያጥባሉ፣ እኔ እተኩሳለሁ። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ፊርማ ባስፈለገ ቁጥር አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ መንከሬ አሳፈረኝና ቅዳሜ ጠዋት የጎልማሶች ትምህርት ጀመርኩ።

ጠጋኙ አንድ ቀን ወደ ክፍላችን መጣና መምህራችንን አንባቢ ጠየቃት። በልጅነቱ ሲጫወተው የኖረውን «የጨው ግንብ» የተባለ የድሮ ጨዋታ ባለቤቶቹ እንደገና ሊያወጡት ነው። በየቋንቋው አሳምሮ የተረጎመላቸው ካለ ትርጉሙንም አብረን እናወጣለን ብለዋል። ችግሩ፣ ጨዋታው በመጣበት ቋንቋ ለወንድም ለሴትም አነጋገሩ አንድ ነው፤ በእኛ ግን ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ወንዱን «ና» ካልከው ሴቷን «ነይ» ማለት አለብህ።

«የወንዱን ራሴ አነበዋለሁ» አለ። «የሴቷን ግን አዲስ አንባቢ የሆነች ሴት እንድታነብልኝ እፈልጋለሁ። እሷን ካላደናቀፋት ማንንም አያደናቅፍም።»

መምህራችን ወደ እኔ ጠቆመች። ጮክ ብላ ለማንበብ የማታፍር እሷ ናት ብላ ይሆናል። አፍር ነበር፤ ጮክ የምለው እንዳይታወቅብኝ ነው።

የጠጋኙ ሱቅ ሆዳቸው በተከፈተ ኮምፒውተሮች የተሞላ ነው። የመጀመሪያው ቀን «መጀመሪያ ሙያ ይመረጣል» አለኝ። ዝርዝሩን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ጦረኛ። መድኃኒተኛ። ሌባ። ተኳሽ።

«ውይ! እኛም አለንበት እንዴ!» ብዬ እሱኑ መረጥኩ።

ሥዕሏ ስትወጣ ቀስት ይዛለች።

«ካውያዋስ የታለ?»

ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ተኳሿ» አለኝ። ድምፄን የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ አጠገቤ ነበረች፤ የተሰናከልኩበትን በኋላ ሰምቶ ለማረም ነው ብሎኛል። ምን ገዶኝ፣ ረሳኋት።

ጨዋታው ተረት ነው፤ ግን ተረቱ ራሱ ቆሞ ይጠይቅሻል። ወዴት ትሄጃለሽ? ለቁስለኛው ውሃ ትሰጪዋለሽ ወይስ ታልፊዋለሽ? የመረጥሽው ነገር ኋላ ቆይቶ ይመጣብሻል። ጠጋኙ ስለ እሱ ሲያወራ ድምፁ የልጅ ይሆናል።

«በታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተር ነበር» አለኝ አንድ ጊዜ። «በዲስክ ነው የሚመጣው። አንዱን አውጥተው ሌላውን ካላስገቡለት ግንቡ ደጅ አያደርስም። ሙዚቃው በአንድ ጣት የሚመታ ይመስላል። ቋንቋው ግማሹ አይገባኝም፤ ያልገባኝን ከራሴ እሞላዋለሁ። መንገዱን ደብተሬ ጀርባ ላይ እየሣልኩ ስንት ጊዜ ተገርፌበታለሁ! ከዚያ አንድ ቀን ዲስኩ ተጫረ። ያ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ አፉን እንደከፈተ ደረቀ። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ እስከዛሬ አላውቅም።»

«እስከዛሬ?»

«ሌሎች ጽፈውታል፤ አላነብም ብያለሁ። ትርጉሜም ገና እዚያ በር ላይ ነው። እንደገና ይወጣል እያልኩ ስጠብቅ አረጀሁ። ይወጣል ሲባል ደግሞ አለቀስኩ። አይሳቁብኝ።»

«አልስቅም» አልኩት። አልሳቅኩም።

አፉ «እርስዎ» ይለኛል፤ ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው ግን «አንቺ» ነው። ነይ። ተቀመጪ። ደክሞሻል። ቀኑን ሙሉ አንቺ ስባል ውዬ ስወጣ በሩ ላይ «በደህና ይግቡ» ይለኛል። የትኛውን ይዤ ቤት እንደምገባ ግራ ይገባኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት ዘበኛው አዲስ ነገር ተናገረ። «እጅሽ ይሞቃል። ከእሳት ጋር ነው እንዴ የምትውይው?»

«ይሄ ከድሮው ላይ አለ?» አልኩት።

«የለም። እኔ የጨመርኩት ነው።»

«ለማን?»

«ለተኳሿ።»

ካውያ አንጓዬ ላይ የተወውን ጠባሳ በአንድ ጣቱ ነካው። «ያምሻል?» አለኝ። ያምዎታል አላለም። የድሮ ጠባሳ ነው፤ የዚያን ቀን ግን እንደ አዲስ ጋለ።

*

በልብስ ቤት ደንብ ልብስ ሲገባ ኪሱ ይፈተሻል። ጠጋኙ ሸሚዝ ማመላለስ ጀመረ፤ በደረት ኪሱ ሁልጊዜ እጥፍ ወረቀት አለ። «ዛሬ ሦስተኛው በር ላይ ደርሻለሁ፤ አንቺ ከሌለሽ አልገባም።» አጣቢዋ ጓደኛዬ ሸሚዙን ወደ መብራት ዘርግታ ታየዋለች።

«ይሄ ሸሚዝ ከእኔ ነፍስ የጸዳ ነው! ሰውዬው ምኑን እጠቢልኝ ነው የሚለው?»

«አርፈሽ እጠቢ።»

«አጥበዋለሁ፤ አንቺ ብቻ አትቃጠዪ።»

የእሱን እናት ከማወቄ በፊት የጠረጴዛ ልብሷን አውቃለሁ። ትልቅ፣ ነጭ፣ ጠርዙ በእጅ የተጠለፈ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆና ነው ጡረታ የወጣችው፤ ዛሬም ሁሉም «ዳይሬክተሯ» ይላታል። ስንት ጊዜ ስተኩሰው ያ ቤት ምን ይመስል ይሆን ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። አንድ ቀን፣ በዚያ ቤት ሰዎች ፊት፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ጠጋኙ «አንቺ» እንዲለኝ። ሌላ ምንም።

አንድ ቀን ከሸሚዙ የወጣው ወረቀት እንዲህ ይላል። «ትርጉሙን ተቀበሉት! እሑድ ከሰዓት እማማ እንግዶች ቤት ትጠራለች። ብትቀሪ ደስ ይለኛል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንግዶቹ ሲሄዱ እኔ እንድቆይ ነው። በእናቱ ቤት። ፊቴ እስኪቀላ ድረስ አነበብኩት።

ልጄ ከእጄ ነጥቃ አየችው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የማይታያቸው ነገር የለም።

«እማዬ፣ አትምጪ እኮ ነው የሚልሽ።»

«ምን?»

«ብትቀሪ፤ ባትመጪ። ‹ክፍል ቀረች› እንደሚባለው።»

«ማንበብ አንቺ ብቻ ነሽ የምትችይው?»

«እማዬ፣ ሰውዬው እኮ ጨዋታ ነው የሚጫወተው። ሥራውም እሱ ነው።»

«ምቀኛ!» አልኳት። «እናትሽ ደስ ሲላት ማየት አትወጂም!»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሳላየው ቀርቼ አይደለም፤ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። ሰው ግን የወደደውን ነው የሚያነበው። ሰማያዊ ቀሚሴን እየተኮስኩ ሙዚቃ አንጎራጎርኩ፤ በአንድ ጣት የሚመታውን።

*

በሩን የከፈተችው ዳይሬክተሯ ናት። ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

«ከልብስ ቤት ነሽ አይደል? የጠረጴዛ ልብሱ ደርሷል እኮ።»

«እንግዳ ነኝ፣ እትዬ።»

ጠጋኙ ከኋላዋ ብቅ አለ። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት፤ ልክ መጋረጃ እንደሚወርድ።

«እ… እርስዎ ነዎት? እንኳን ደህና መጡ። ይግቡ፣ ይግቡ።» ወደ እናቱ ዞረ። «በሥራው የረዱን ናቸው፣ እማማ።»

ሰው ሰውን አክብሮ እንደሚገድል ያን ቀን ነው ያየሁት።

ግድግዳ ጥግ ወንበር ሰጡኝ። ሳህን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታው ተከፈተ፤ ግንቡ፣ በሩ፣ ዘበኛው። ጠጋኙ የሴቷን አነጋገር መረጠ። «እጅሽ ይሞቃል። ከእሳት ጋር ነው እንዴ የምትውይው?»

«ይህችን አንተ ነህ የጻፍካት?» አለች ዳይሬክተሯ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ምን ያለች አነጋገር ናት!»

«አዎ፣ እማማ። የሚጫወቱት ሴቶች ይወዷታል ብዬ ነው።»

የሚጫወቱት ሴቶች። ሳህኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። ያ ሁሉ ነይ፣ ያ ሁሉ ደክሞሻል፣ ጨዋታውን ለምትከፍት ሴት ሁሉ ነው። እኔ መጀመሪያ ስለከፈትኩት ብቻ የእኔ መስሎኝ ነበር።

ክራባት ያሰረ ጓደኛው ከሶፋው ላይ ጮኸ። «አንተ፣ ያቺን አሰማና! የካውያዋን!»

«ተው፣ ዛሬ ይቅር።»

«ኧረ ምን ይቅር! ባለፈው ሆዴን እስኪያመኝ ስቄባታለሁ፤ እነሱም ይስሙ እንጂ!»

ባለፈው። እንግዲህ ከዛሬ በፊትም ተስቆብኛል። ጓደኛው ራሱ ተነሥቶ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ፈልጎ ከፈተው። ድምፄ ቤቱን ሞላው።

«ተ… ኳ… ሽ… ውይ! እኛም አለንበት እንዴ!… ካውያዋስ የታለ?»

ቤቱ ፈነዳ። ዳይሬክተሯ ዓይኗን በጨርቅ ጠረገች። «የሰው የዋህነት!» አለች። «ማን ናት ይህች?»

ጠጋኙ ምንጣፉን እያየ መለሰ። «አንዲት ሠራተኛ ናት።»

ድምፄ ግን አላቆመም፤ ወደ ሌላ ቀን ንባቤ አለፈ። እንዲያቆም ለመንኩት በልቤ። «አብ… ረሽኝ… ት… ሆኛለሽ?» ቀጥሎ ዝምታ፣ ትንፋሼ፣ ደግሞ ዝምታ። ያኔ ለማንም ያልተናገርኩት፣ እሱ ውሃ ሊያመጣ ሲገባ ለራሴ ብቻ ያልኩት ቃል በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተሰማ።

«አዎ።»

«ወይ ጉድ!» አለ ባለ ክራባቱ። «ለዘበኛው እሺ አለችው እኮ!»

ሁሉም ሳቁ። እሱን አየሁት። ቀና አለ፤ ዓይናችን ተገጣጠመ። አፉን ሊከፍት ሲል ባለ ክራባቱ ትከሻውን መታው፤ እሱም ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ናት፤ ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰች። እስካሁን የምሰማው ያችኑ ነው።

*

ሳህኔን ይዤ ወደ ኩሽና ገባሁ፤ መውጫው በዚያ ይመስለኝ ነበር። ተከትሎኝ መጣና በሩን ገፋ አደረገው።

«ለምን መጣሽ?» አለኝ። እዚህ ስንሆን «አንቺ» ተመልሳለች።

«ጽፈህልኝ ነዋ።»

«ብትቀሪ ደስ ይለኛል ነው እኮ ያልኩሽ።»

«እኮ።»

«እንዳትመጪ ማለቴ ነበር።»

ቧንቧው ይንጠባጠባል። ልጄ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

«ታዲያ ለምን ‹አትምጪ› አላልከኝም? ያ ቃል ሁለት መሆኑን ታውቃለህ። ቁጭ ብለን ያጠፋነው ቃል እኮ ነው!»

ሲመልስ ድምፁ ከቧንቧው አይበልጥም። «ለዚያ ነው የመረጥኩት። አትምጪ ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ነይም ማለት አልቻልኩም። አንቺው እንድትመርጪ ተውኩልሽ።»

«እንደ ጨዋታው?»

«እንደ ጨዋታው» አለ፤ ካለው በኋላ ነው የሰማው። «አይደለም፣ እንደሱ ማለቴ…»

«እኔ እኮ ሁለቱንም አንብቤያለሁ። አንተ ላይ የሚያምረውን መረጥኩልህ።»

በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሯ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ስንት ልጅ ያሳደገች መምህር ናት፤ ሁሉም ገባት።

«አንተ፣ እንግዶቹ እየጠበቁህ ነው።»

ሄደ። ወደ ኋላ አላየም። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ የያዝኩትን ሳህን ቧንቧው ሥር አድርጌ ማጠብ ጀምሬ ነበር።

«አንቺ» አለችኝ ዳይሬክተሯ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ካጠብሽ አይቀር ብርጭቆዎቹንም እጠቢያቸው፤ የቤት ሠራተኛዋ ዛሬ እረፍት ላይ ናት።»

በዚያ ቤት «አንቺ» የሚለኝ ሰው አገኘሁ።

ብርጭቆዎቹን አጠብኩ። አንድ በአንድ፣ በሁለት ውሃ፣ ጠርዛቸው እስኪያብረቀርቅ ድረስ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከሳሎን የሚመጣው ሳቅ ከቧንቧው ድምፅ በላይ እንዳይሰማኝ ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፍቼው ነበር።

*

ከዚያ በኋላ ሸሚዝ አልመጣም። ጠጋኙ ራሱ የመጣ ቀን ባዶ እጁን ነው። አጣቢዋ ስታየው ባልዲዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም።

ከስቷል። ጨዋታውን የሚያወጡት ሰዎች እነሱ ጋ መጥቶ እንዲሠራ ጠርተውታል፤ ባሕር ማዶ።

«ነይ አብረን እንሂድ» አለኝ።

ካውያው እጄ ላይ ነበር።

«ያን ቀን ፈሪ ነበርኩ። እወድሻለሁ፣ እውነቴን ነው። እዚያ ከሄድን ሌላ ነው። እዚያ ማንም አያውቀንም።»

«እዚህስ ማን አወቀን?»

ጣቱን የሚተኮሰው ሸሚዝ ላይ አሻሸ። «ልጅሽን ለጊዜው እህትሽ ጋ…»

«ለጊዜው ስንት ጊዜ ነው?»

ዓይኑን አየሁት፤ ዲስኩ የተጫረበት ቀን ያለቀሰው ልጅ እዚያ ውስጥ አለ። እሱን ልጅ ነው የወደድኩት። ትልቅ ሲሆን ግን በእናቱ ሳሎን ውስጥ ማን እንደሚሆን አይቻለሁ።

«ካውያው ግሏል» አልኩት። «የሰው ልብስ ያቃጥልብኛል። ሂድ።»

ቆመ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢለምነኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካውያውን ጥዬ ተከትዬው እንደምወጣ አውቃለሁ። እግዜር ይመስክር፣ ጠበቅኩት። እሱ ግን «እሺ» አለ። በጨዋ ሰው ድምፅ፣ ምርጫዬን አክብሮ፣ «እሺ» ብሎ ወጣ። ሸሚዙን ተኩሼ ስጨርስ ኮሌታው ረጥቦ ነበር፤ እንደገና ተኮስኩት።

ቤት ስገባ ለልጄ ነገርኳት። «አንቺን ትቼ የትም አልሄድም አልኩት» አልኳት።

ከመጽሐፏ ቀና አላለችም።

«እኔን ምክንያት አታድርጊኝ፣ እማዬ። ሁለት ጊዜ ቢለምንሽ ትሄጂ ነበር።»

ልክ ናት። ልቆጣት ፈልጌ ተውኩት። መጽሐፏን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መብራቱ ሥር ቦታ ለቀቀችልኝ። አላቀፈችኝም። እኔም ልቀፍሽ አላልኩም። ጎን ለጎን ተቀምጠን እሷ የሷን፣ እኔ የኔን ማንበብ ጀመርን፤ መስመሮቹ ግን ለሁለታችንም አልታይ ብለው ነበር።

ጨዋታው በወሩ ወጣ። ብዙ ሰው ወደደው ይባላል፤ በየስልካቸው የሚጫወቱ ሴቶች አይቻለሁ። ጠጋኙ ጨዋታው ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሄዷል። እኔና ልጄ እዚሁ ነን።